የረውዳ እንስራ

አንድ ሸክላ ሠሪ ሽማግሌ ነበሩ። ስማቸው ሐጂ ሱሩር ይባላል። የሚኖሩት ባሕርና በረሃ በሚገናኙበት ነጭ ከተማ ነበር። ማለዳ ጉሙ ከባሕሩ ተነስቶ ቤቶቹን ሲሸፍን፣ መስጊዱ ብቻውን ደመና ላይ የተቀመጠ ይመስላል። መንገደኛ ከሩቅ ሲያየው "ሕልም ነው እንዴ?" ብሎ ዓይኑን ያሻል።

ሐጂ ሱሩር አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ ረውዳ። በዘጠኝ ዓመቷ ንዳድ ወሰዳት። እንግዲህ አባት ምን ያደርጋል? እጃቸው የሚያውቀው ጭቃ ነውና፣ ከሠሩት ሁሉ ያማረውን እንስራ መርጠው ከደጃፋቸው ፊት ለፊት፣ መንገዱ ዳር ካለው ግራር ሥር አቆሙላት። በየማለዳው ውኃ ይሞሉታል። ከበረሃ የመጣ መንገደኛ ጠጥቶ ቅሉን ሲመልስ "ረውዳን አላህ ይማራት" ይላል። ሽማግሌው ጭቃቸውን እያሹ ያቺን ስም ይሰማሉ። ስሟ የማይጠራበት ቀን ከመጣ ልጃቸው ሁለተኛ የምትሞትባቸው ይመስላቸው ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ሉካስ የሚባል ሠዓሊ ከምዕራብ አገር በመርከብ መጣና ጎረቤታቸው ቤት ተከራየ። ትሑት ሰው ነው፤ ቋንቋውንም እየተኮላተፈ ቶሎ ለመደ። ግን ወይ ጉድ! በየቀኑ ከእንስራው ይጠጣል፣ አፉን ይጠርጋል፣ ይሄዳል። አንዲት ቃል የለችም። ሐጂ ሱሩር "ነገ ይላል" ብለው ጠበቁ። ነገም አላለም። እንዳይነግሩት ደግሞ፣ ሰደቃ ሰጥቶ "እንዲህ በለኝ" የሚል ማን አለ? እያደር ሆዳቸው ሻከረ።

ይባስ ብሎ አንድ ቀን ምሳ ይዘውለት ቢሄዱ፣ ሠዓሊው ገበታው ላይ ትንሽ ሥዕል አቁሞ ያዋራዋል። ዳቦም ቆርሶ ፊቱ አኑሮለታል።

"አስተግፊሩላህ!" አሉ ሐጂ። "ይሄ ሰውዬ ወረቀት ነው እንዴ የሚያመልከው?" ሳህኑን ደፉ ላይ አስቀምጠው ተመለሱ።

ሉካስም በበኩሉ የሚከነክነው ነገር ነበር። የሽማግሌው ቤት ግድግዳው ባዶ ነው። ልጅ እንደሞተችባቸው ከጎረቤት ሰምቷል፤ መቃብሯ ላይ ግን ያለው አንድ ድንጋይ ነው፤ ስም እንኳ አልተጻፈበትም። "እኚህን የመሰሉ ደግ ሰው የገዛ ልጃቸውን እንዴት ይረሷታል?" እያለ ይብሰለሰላል። በመጨረሻ አዘነላቸውና ብሩሹን አነሳ። ዓይኗን ከአባቷ ዓይን፣ ግንባሯን ከአባቷ ግንባር ወሰደ። የቀረውን ከጎረቤት እየጠየቀ ረውዳን ሣላት።

ዓርብ ቀን ሰው ከጁምዓ ሶላት ሲወጣ፣ ሥዕሉን ይዞ ፊታቸው ቆመ።

"ሐጂ፣ ልጅዎን አመጣሁልዎ" አለ፣ ፊቱ በደስታ በርቶ።

ሐጂ ሱሩር ቀርበው አዩ። ራሷ ናት! ያው ሳቋ፣ ያው የተሸረፈች ጥርሷ። ሊያቅፏትም ሊሸሿትም ፈለጉ። በእሳቸው ወግ ሙት በዱዓ ይታወሳል እንጂ መልኩ ተሥሎ አይሰቀልም። ፎጣቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ ሥዕሉን ሸፈኑት፣ ፊታቸውንም አዞሩ። ሕዝቡም በሠዓሊው ላይ አጉረመረመ።

ሉካስ ደሙ ፈላ። "ልጅዎን የሚወዷት እንዲህ ነው?"

የሰባት ወር ቅሬታ ገንፍሎ ወጣ። "አንተ ደግሞ ስለ ልጄ ልትነግረኝ ነው? ሰባት ወር ሙሉ ውኃዋን ስትጠጣ አንድ ቀን እንኳ ስሟን ጠርተሃል?"

"የማንን ውኃ?" አለ ሉካስ።

ሐጂ ሱሩር ዞረው አዩት። ሰውዬው እውነቱን ነው። አያውቅም ነበር! ወደ ግራሩ እያመለከቱ ሁሉንም ነገሩት።

ሉካስ መሬት ላይ ቁጭ አለ። "ሰዎቹ ሲያነበንቡ ፈጣሪን ስለ ውኃው የሚያመሰግኑ መስሎኝ ነበር" አለ። "እኔ ያየሁት እንስራ ብቻ ነው።"

"ያቺ የምታዋራት ሥዕልስ?"

"ልጄ ክላራ ናት። በሰባት ዓመቷ ሞተችብኝ። ዓይኔን ስጨፍን መልኳ እየጠፋብኝ ነው፣ ሐጂ። ሥዕሏን ካላየሁ ድምፅዋም አይመጣልኝም።"

"ያ አላህ! እኔኮ ጣዖት መስሎኝ!" አሉ ሽማግሌው። አጠገቡ ተቀመጡና ትከሻውን ያዙት። ልጅ የቀበሩ ሁለት አባቶች አደባባይ ላይ ተቃቅፈው አለቀሱ። ሲያጉረመርም የነበረው ሕዝብ አፈረ።

ቆይቶ ሉካስ ተነሳ፣ ግራሩ ሥር ሄዶ ጠጣ፣ ቅሉንም መለሰ። "ረውዳን አላህ ይማራት" አለ በተኮላተፈ አንደበቱ። ሐጂ ሱሩር ያን ቀን እህል ሳይቀምሱ ጠገቡ።

ሥዕሉስ? አልሰቀሉትም፤ አልቀደዱትምም። ሉካስ ወደ አገሩ ሊሳፈር ሲል በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጡት።

"እኔ ቤት አይሆንም" አሉት። "አንተ ከክላራ ጎን አስቀምጣት። ልጆች አይደሉ? አብረው ይጫወቱ።"

መርከቡ ጉሙ ውስጥ ገብቶ እስኪጠፋ ቆመው አዩት። ከዚያ ወደ ቤታቸው ተመልሰው ጭቃ ማሸት ጀመሩ። ዛሬ በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሰው ከግራሩ ሥር ሁለት እንስራ ያገኛል። ከሁለቱም እየቀዳ ሁለት ስም ይጠራል። ሁለተኛው ስም ለአገሬው አፍ አይመችም፤ ቢሆንም ይጠሩታል።

ወዳጆቼ፣ አንዱ አባት ልጁን በመልኳ ያስታውሳታል፣ ሌላው በውኃና በዱዓ። ፍቅሩ ያው ነው። ጥፋታቸው ሰባት ወር አጥር ለአጥር ሲኖሩ አንዳቸውም "ይህ ነገር ምንድን ነው?" ብለው አለመጠየቃቸው ነበር። ምዕራቡና የእስልምናው ዓለም በጎሪጥ በተያዩ ቁጥር እነዚህን ሁለት አባቶች አስባቸዋለሁ።

እስቲ እኛም እንጠያየቅ፤ ዛሬ ስሙን ሳንጠይቅ እየጠጣን ያለነው የማንን ውኃ ይሆን?