የአበጋዝ ብስክሌት ከግድግዳ እንዴት ወረደ

ጆሮ ላለው ተረት አለኝ፤ ጆሮ ለሌለው ጎረቤቱ ይንገረው።

በሎጎ ሐይቅ ዳር ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረች። ትርንጎ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ባል አላለች፣ ወርቅ አላለች፣ ቤት ሥሩልኝ አላለች። የሟች ወንድሟ የአበጋዝ ብስክሌት ከተሰቀለበት ግድግዳ እንዲወርድላት፣ ይኸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚያ አገር በዓመት አንዴ ውድድር አለ። መጀመሪያ ሐይቁን በዋና ያቋርጡታል። ከውሃው ወጥተው ብስክሌት ላይ ይፈናጠጡና ዳገቱን ሁሉ እያማጡ ደሴ ይገባሉ። ደሴ ሲደርሱ ብስክሌቱን ይጥሉና ጦሳ ተራራን በሩጫ ይወጡታል። ጤና የተሰጠው ሰው በጤናው እንዲህ ይቀልዳል ወይ ትሉ ይሆናል፤ የአበጋዝ እናትም ብላው ነበር። ይህ ውድድር ከተነሡበት አይመልስም። የሚጀመረው እታች ውሃ ውስጥ ነው፣ የሚያልቀው እላይ ደመና ውስጥ። ስለዚህ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ደረቅ ልብስ ይዞ ጫፍ ላይ የሚጠብቀው ሰው ያስፈልገዋል።

አምና አበጋዝ ለውድድሩ ሲዘጋጅ፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሊሞክረው ተነሣ። ትርንጎ ጋቢውን ይዛ ጦሳ ጫፍ ላይ ቆመች። ፀሐይ ወጣች፤ ጠበቀችው። ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች፤ ጠበቀችው። አበጋዝ ከውሃው አልወጣም ነበር። ጫፍ ላይ የቆመ ሰው እታች የሆነውን በምን ይወቅ? ጋቢውን እንደታጠፈ ይዛ ብትወርድ፣ ደጃቸው ላይ ድንኳን ተተክሎ አገኘች። አባቷ ይመር ብስክሌቱን ከሐይቁ ዳር እየገፋ አምጥቶ፣ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ በጠፍር ጠፍንጎ አሰረው። ዓመት ሞላው።

«አባዬ» አለችው ትርንጎ፣ «ብስክሌቱን ፍታልኝ። ውድድሩ አምስት ሳምንት ቀረው። ዋናውን እሱ ራሱ አስተምሮኛል። ሩጫውንም ዓመቱን ሙሉ ጦሳን ስወጣ ስወርድ ነው የከረምኩት። የቀረኝ የብስክሌቱ ዳገት ነው።»

«አንዱን ውሃ በላው፤ አንቺን ደግሞ ማን እንዲበላሽ ነው?»

«አባዬ፣ እዚያ ጫፍ ላይ ቆሜ የጠበቅኩት ሰው አልመጣም። እኔ ዛሬም እዚያው ቆሜያለሁ። ወይ እሱ ይምጣ፣ ወይ እኔ እንደሱ ሆኜ ልድረስና ልውረድ።»

ይመር ወደ ጠፍሩ አየ፤ ወደ ልጁ ግን አላየም። «እናትሽ ከል ለብሳ ተቀምጣ፣ እኔ የጨዋታ ዕቃ ከግድግዳ ላወርድ? ሰው ምን ይለኛል! መጀመሪያ እሷ የሐዘን ጥቁሯን ታውልቅ።»

እናት ከሏን አታወልቅ፣ አባት ጠፍሩን አይፈታ፣ ብስክሌት ከግድግዳ አይወርድ፣ ትርንጎ ዳገት አትወጣ።

እናቷ አንጓች መደብ ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ወደ ግድግዳ፣ ጀርባዋ ወደ ሰው። «እማዬ፣ ከልሽን አውልቂ። አንቺ ካላወለቅሽ አባዬ ጠፍሩን አይፈታም፣ እሱ ካልፈታ ብስክሌቱ አይወርድም፣ ካልወረደ እኔ ዳገት አልወጣም።»

«ከል ሻሽ ነው እንዴ፣ ሲሞቀኝ የማወልቀው?» አለች አንጓች፣ ሳትዞር። «ከል ራስ በራስ አይወልቅም። የቅሬ ሴቶች መጥተው፣ ራሴን አጥበው፣ ቅቤ ቀብተው ነው የሚያወልቁልኝ። ዓመቱ ሞላ፤ መጡ? ሂጂ፣ ጦይባን ጠይቂያት።»

ወሎ ዕድሩን ቅሬ ይለዋል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀብርበታል። ጦይባ የሴቶቹ ቅሬ ዳኛ ናት፤ ስታስነጥስ ሦስት ቤት «ይማርሽ» የሚላት ዓይነት ሴት። ትርንጎ ስትደርስ ጦይባ ምስር ትለቅማለች።

«እትዬ ጦይባ፣ ይምጡና የእማዬን ከል ያውልቁልኝ። እርስዎ ካልመጡ እማዬ ከሏን አታወልቅም፣ እሷ ካላወለቀች አባዬ ጠፍሩን አይፈታም፣ ጠፍሩ ካልተፈታ ብስክሌቱ አይወርድም፣ ብስክሌቱ ካልወረደ እኔ ዳገት አልወጣም።»

«እኔ ደስ ብሎኝ የተቀመጥኩ መሰለሽ?» አለች ጦይባ፣ ጠጠሩን እየወረወረች። «ቂም ያደረበት ቤት ከል አይወልቅም፤ የቅሬያችን ደንብ ነው። በቀብሩ ዕለት እናትሽ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ባለ ጀልባውን ሙሄን ምን አለችው?»

«ረገመችው።»

«‹ጀልባህ ደርቃ ትቅር!› አለችው። ልጁን በጀልባ እከተልሃለሁ ብሎት ሳይከተለው ቀረ። ለምን ቀረ? ይኸው እስከ ዛሬ አልተናገረም። ይምጣ፣ ፊቷ ቆሞ ይናገር፣ ይታረቁ። ያኔ ቅቤውን እኔው ራሴ ይዤ እመጣለሁ።»

ሙሄ ለእርቅ አይመጣ፣ ጦይባ ቅቤ አትይዝ፣ እናት ከሏን አታወልቅ፣ አባት ጠፍሩን አይፈታ፣ ብስክሌት ከግድግዳ አይወርድ፣ ትርንጎ ዳገት አትወጣ።

ሙሄ ሐይቁ ዳር፣ ሾላ ሥር ነው የሚውለው። ጀልባው አጠገቡ ተገልብጣለች። ዓሣ ያጠምድ የነበረ ሰው፣ አሁን ዓሣውን ከሌላ ይገዛል አሉ።

«አያ ሙሄ፣ ይምጡና ከእማዬ ይታረቁ። እርስዎ ካልመጡ እትዬ ጦይባ ቅቤ አይይዙም፣ እሳቸው ካልያዙ እማዬ ከሏን አታወልቅም፣ እሷ ካላወለቀች አባዬ ጠፍሩን አይፈታም፣ ካልፈታ ብስክሌቱ አይወርድም፣ ካልወረደ እኔ ዳገት አልወጣም።»

ሙሄ ጀልባዋን በመዳፉ መታ መታ አደረጋት፤ የባዶ እንስራ ድምፅ ሰጠች። «የእናት አፍ ‹ድረቂ› አላት፤ ደረቀች። ይቺ ጀልባ ተመልሳ ውሃ ላይ ከቆመች፣ እርግማኑ ተነሣልኝ ብዬ እመጣለሁ። አለዚያ የተረገምኩ ሰው ሆኜ የሐዘን ቤት አልረግጥም።»

«ታዲያ ውሃ ውስጥ ይክተቷት!»

«እጄ እምቢ አለኝ፣ ልጄ።»

ትርንጎ ጀልባዋን ዞረቻት። ሳንቃዋ ተሰነጣጥቆ ስንጥቁ ጣት ያስገባል። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለቻት። ጀልባ አትናገርም ትሉኛላችሁ። አፍ ያለው ሁሉ ዝም ባለበት አገር፣ አፍ የሌላት ብትናገር ምን ይገርማል?

«ደርቄያለሁ» አለች ጀልባዋ። «ካልራስኩ ስንጥቄ አይገጥምም፤ ውሃ ካልገባሁ አልርስም፤ ስንጥቄን ያየ ደግሞ ውሃ አያስገባኝም። እኔ እግር የለኝ፤ ሐይቁን ንገሪው፣ እሱ ይምጣልኝ።»

ሐይቁን ጠየቀችው። ሐይቁ ዝም። የበላውን የሚናገር ሆድ የት አለ?

ሐይቅ ዝም አለ፣ ጀልባ ደረቀች፣ ሙሄ ለእርቅ አይመጣ፣ ጦይባ ቅቤ አትይዝ፣ እናት ከሏን አታወልቅ፣ አባት ጠፍሩን አይፈታ፣ ብስክሌት ከግድግዳ አይወርድ፣ ትርንጎ ዳገት አትወጣ።

እዚህ ላይ ልጅቱ ቁጭ ብላ ብታለቅስ ማንም አይፈርድባትም። አለቀሰችም። ሁሉም ሌላው ይጀምርልኝ ብሎ እንደቆመ ገባት፤ እሷም ከቆሙት አንዷ እንደሆነች ገባት። ዓመቱን ሙሉ ተራራ ስትሮጥ፣ ወደዚያ ውሃ አንድ ቀን እግሯን አላስነካችም። ዋና አውቃለሁ ያለችው በአፏ ብቻ ነው። ሲነጋ ተመልሳ መጣች። ጫማዋን አወለቀች፣ ነጠላዋን ድንጋይ ላይ አስቀመጠች፣ ወንድሟ የገባበት ቦታ ገባች።

ውሃው ቀዝቃዛ ነው። ደረቷ ላይ ሲደርስ ትንፋሿ ቆመ። «አበጋዝ፣ እንዴት ነበር ያልከኝ?» አለች፤ ከዚያ እጇን ዘረጋች።

ሙሄ ከሾላው ሥር ብድግ አለ። «ኧረ አንቺ! ኧረ ተመለሽ! ጠብቂኝ! ጠብቂኝ እኮ ነው የምልሽ!» አልጠበቀችውም። እንግዲህ ዓመት ሙሉ እምቢ ያለ እጅ፣ እምቢታውን ረሳው። ሰውዬው ጀልባዋን ገለበጠ፣ ጎተተ፣ ገፋ፤ ውሃ ላይ ወጣ። ጀልባ አትበሏት፣ ወንፊት በሏት! ውሃው እስከ ባቱ ደረሰ። አንዴ በጣሳ ይቀዳል፣ አንዴ ይቀዝፋል፣ በመካከሉ ይሳደባል።

«አንቺ ዓይነ ደረቅ! አንቺ ግትር! ሁለት ቀብር ልታስቆጥሪኝ ነው?»

«ይቅዘፉ አያ ሙሄ!» አለች ትርንጎ፣ ውሃ እየተፋች። «ስድቡ በኋላ ይደርሳል!»

ማዶ ደንገሉ ድረስ ዋኘች፤ ማዶ ደንገሉ ድረስ ተከተላት። ሲመለሱ ጀልባዋ ግማሽ አካሏ ሰምጦ ነበር። ሙሄ አላወጣትም፤ ዳር ላይ አስሮ እዚያው ተዋት። ሦስት ቀን ውሃ ጠጣች። በሦስተኛው ቀን እንጨቱ አብጦ፣ ስንጥቁ ገጠመ።

ልጅ ውሃ ገባች፣ ጀልባ ራሰች፣ ሙሄም ለእርቅ መጣ።

ደጃፉ ላይ ቆመ። አልገባም። «አንጓች፣ ሻይ ነበር» አለ። «አንድ ብርጭቆ ሻይ። ይቺን ጠጥቼ ልምጣ፣ ጠብቀኝ አልኩት። ስወርድ ውሃው ላይ ማንም የለም።»

አንጓች ዓመት ሙሉ ያላዞረችውን ፊቷን ከግድግዳው አዞረች። «ጨረስከው?»

«ምኑን?»

«ሻዩን።»

«አልጨረስኩትም።»

ይመር መሬት መሬት ያያል። ትርንጎ የበሩን መቃን ይዛለች።

«ልጄ መጠበቅ አያውቅም» አለች አንጓች። «በሰባት ወሩ ነው የተወለደው። እኔንም አልጠበቀኝ።» ይህን ብላ አለቀሰች። ሙሄም እዚያው ደጃፍ ላይ ተንበረከከ፤ እሷ ተነሥታ በክንዱ ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችው።

ሙሄ ቢመጣ ጦይባ ቅቤ ያዘች። ሴቶቹን አስከትላ መጣችና የአንጓችን ሻሽ ፈታች። ለሐዘኑ ስትላጭ ጥቁር የነበረው ፀጉር ነጭ ሆኖ በቅሏል። ጦይባ ያን ነጭ ፀጉር አጠበች፣ ቅቤውን ቀባች። ጦይባ ቅቤ ብትይዝ እናት ከሏን አወለቀች። እናት ከሏን ብታወልቅ አባት ጠፍሩን ሊፈታ ተነሣ። ጠፍሩ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል።

«ቢላ ላምጣልህ፣ አባዬ?»

«የልጄ ዕቃ በቢላ አይነካም» አለ፤ በጥርሱ እየነከሰ፣ በምራቁ እያራሰ፣ ቋጠሮውን አንድ በአንድ ፈታው። አባት ጠፍሩን ቢፈታ ብስክሌት ከግድግዳ ወረደ። ይመር ጎማውን ነፋ፣ ኮርቻውን በእጅጌው ጠረገ፣ ለትርንጎ ሰጣት። ትርንጎም ዳገቱን ልትወጣ ወጣች።

ግን ብቻዋን አልወጣችም። አባትየው በበረባሶ ጫማው ከኋላ ኮርቻውን ይዞ ይሮጣል።

«አባዬ፣ ልቀቀኝ!»

«እለቅሻለሁ!»

«ልቀቀኝ እንጂ!»

«እለቅሻለሁ አልኩሽ እኮ!» እያለ፣ እያለከለከ፣ እንባው ከላቡ ጋር እየወረደ፣ የመጀመሪያውን ዳገት እስከ ጫፉ ገፋት። ዳገት ላይ አባት ያግዛል። ቁልቁለት ላይ ግን ብስክሌት ከአባት ይፈጥናል። መንገዱ ወደ ታች ሲያዘነብል ኮርቻው ከእጁ ወጣ።

ይመር እዚያው ቀረ። «ቀስ በይ» አለ፤ ልጅቱ ግን ርቃለች። «ቀስ በይ» አለ ደግሞ፣ ለሁለቱም ልጆቹ።

ተረቴ እዚህ ድረስ ነው። የደከመው ይረፍ፤ ያልደከመው ዳገቱን ይቀጥል።