የጋሽ ይመር ገንዳ ቁልፍ

በአንድ ወቅት፣ በልጉ በቀረበት ዓመት፣ በወሎ ቆላ ባለች አንዲት መንደር ይመር አራጋው የሚባሉ የውኃ ጠባቂ ነበሩ። መንደሪቱ ምንጭ የላትም፤ በክረምት የተጠራቀመውን ዝናብ ከድንጋይ ገንዳ እየቀዳች ነው የምትኖረው። የገንዳው በር ቁልፍ ሠላሳ ዓመት በጋሽ ይመር አንገት ላይ ተንጠልጥሏል። አሁን ግን ዓይናቸው ፈዘዘ፤ ከሦስቱ ልጆቻቸው ላንዱ ሊያስረክቡ ቆረጡ። ለየትኛው እንደሚሰጡት ብቻ አልቆረጠላቸውም።

በግንቦት አንድ መንደርተኛው በራቸው ላይ ተሰብስቦ «ውኃው ሐምሌ ያደርሰናል ወይ?» አላቸው። ዝናቡ የሚጠበቀው ሐምሌ አንድ ነው፤ ስልሳ ቀን ይቀራል። ጋሽ ይመር ሁሉንም አስከትለው ወደ ገንዳው ሄዱና በግድግዳው ላይ ያለውን የድሮ የውኃ ልክ ምልክት በእጃቸው ዳስሰው «ያደርሳል» ሊሉ ሲሉ የበኩር ልጃቸው ዘሃራ ጣልቃ ገባች።

«አባዬ፣ ምልክቱ የሚያሳየው የውኃውን አናት ነው። ከሥር ስንት ደለል እንደተኛ ማን አየ?»

ወገቧ ላይ ገመድ አስራ፣ ረጅም ዘንግ ይዛ ወረደች። ገመዱን የያዙት አባቷ ነበሩ። መሀል ላይ ድንጋዩን ያለበሰው አረንጓዴ ሽበት አንሸራቷት ስትወድቅ ገመዱ እጃቸውን ላጠው። «ውጪ!» ብለው ጮኹ። እሷ ግን አራቱንም ማዕዘን ሳትለካ አልወጣችም፤ ስትወጣ ግራ እጇ ተሰብሮ ነበር። «ከነደለሉ ሁለት ሺህ ጀሪካን ነው» አለች። «የታችኛው ሁለት መቶ ጭቃ ነው፤ የጠጣው ይታመማል።»

ቀጥሎ ሁለተኛው ልጃቸው፣ የሒሳብ አስተማሪው ሽኩር፣ ከሰል አነሳና ግድግዳው ላይ ጻፈ። «በቀን የምንቀዳውን ጀሪካን ኤክስ እንበለው። ከሁለት ሺው ላይ ስልሳ ጊዜ ኤክስ ሲቀነስ፣ የሚተርፈው ከሁለት መቶ ማነስ የለበትም።» ሁለት ሺውን ወደ ማዶ አሻገረ፣ በነጌቲቭ ስልሳ አካፈለ፣ ከመልሱ ሥር አሰመረ። «ኤክስ ሠላሳ ወይም ከሠላሳ በላይ ነው!»

መንደሩ ያኔ በቀን አርባ ይቀዳ ነበርና ሴቶቹ እልል አሉ። ዘሃራ የታሰረ እጇን አቅፋ ወደ አባቷ ጆሮ ጠጋ አለች። «ብዙ ሲቀዳ እንዴት ነው ብዙ የሚተርፈው?»

«ተናገሪዋ።»

«የተማረው እሱ ነው» ብላ ዝም አለች። እሳቸውም ሽኩርን በሰው ፊት ማሳፈር ከበዳቸውና ዝም አሉ።

ዐሥር ቀን እንዲህ አለፈ። በዐሥረኛው ቀን ሽኩር ክፍል ውስጥ ያለእኩልነትን እያስተማረ «በነጌቲቭ ስታካፍሉ ምልክቱን ገልብጡ» ሲል የገንዳው ስሌት ትዝ አለው። እሱ አልገለበጠም ነበር። ጠመኔውን አስቀምጦ ወጣ። ለአባቱ ብቻ ሹክ ብሎ ማስተካከል ይችል ነበር፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ ከሶላት ሲወጣ ጠብቆ መስጊዱ ደጃፍ ላይ ቆመ።

«ተሳስቻለሁ። ሠላሳና ከዚያ በላይ ያልኳችሁ፣ ሠላሳና ከዚያ በታች ነበር። አርባን አስገብቼ ብሞክረው ኖሮ ውኃው እንደማይበቃ ያኔውኑ እረዳ ነበር።»

«ያፈሰስነውን መልስልና!» ብሎ አንዱ ጮኸበት። አንዲት ባልቴት አለቀሱ። ሽኩር ከቆመበት አልተነቃነቀም። እንደገና አሰላው፦ የቀረው አንድ ሺህ ስድስት መቶ ጀሪካን፣ የቀረው ቀን ሃምሳ። «በቀን ከሃያ ስምንት አይበልጥም» አለ።

የመጨረሻው ልጅ እንድሪስ ነው። በየማለዳው ቁልፉን ከአባቱ አንገት ተቀብሎ ገንዳው በር ላይ ይቆማል። ጋሽ ይመር አጠገቡ ተቀምጠው ጀሪካን ሲሞላ ድምፁን ይቆጥራሉ። አንድ ማለዳ ሃያ ስድስት ላይ በሩ ተዘጋ። በማግስቱም እንዲሁ።

«ሁለቱን ምን አደረግኻቸው?»

«ገንዳው ውስጥ ናቸው፣ አባዬ። ወንድሜ አይበልጥም አለ እንጂ አያንስም አላለም። ሰማዩ ቀኑን ባይጠብቅስ?»

«ለሰዉ ንገረው እንግዲህ።»

«ብነግራቸው ያስቀዱኛል።»

ለማንም ሳይነግር በሃያ ስድስት ቀጠለ። እመት ፋጤ የምትባል ባሏ የሞተባት ጎረቤት ለበጎቿ ግማሽ ጀሪካን ብትለምነው «የዛሬው አልቋል፣ እናቴ» አላት። አራት በጎቿ ሞቱ። አራተኛው በግ በሞተ ቀን ጋሽ ይመር ከገንዳው በር ኋላ የእንድሪስን ለቅሶ ሰሙ።

ሐምሌ አንድ ደረሰ፤ ሰማዩ እንደ ብረት ምጣድ ነው። ሁለትም አለፈ፣ ሦስትም። እንድሪስ ሐምሌ አንድ ማለዳ ያስተረፈውን ገልጦ ነበር፤ መንደሩ ሦስቱን ቀን በእሱ አደረ። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። አንድም ሰው አልሞተም።

ገንዳው ሲሞላ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። አንዱ «ዘሃራ እጇን ሰብራ ባትለካ የሽኩር ሒሳብ በምን ላይ ይቆም ነበር?» አለ። ሌላው «አውቃ ዝም ያለችውስ?» አለው። ሦስተኛው «ሽኩር ነው እንጂ! ጥፋቱን ባይናገር ሁላችንም አልቀን ነበር» ሲል፣ «የዐሥር ቀኑን ውኃ ማን አስፈሰሰ?» ተባለ። እመት ፋጤ ተነሣች። «እንድሪስ ዋሽቶኝ በጎቼን ገደለብኝ። እኔ ግን በሕይወት አለሁ። ምን እንደምል አላውቅም» ብላ ተቀመጠች።

ጋሽ ይመር ቁልፉን ከአንገታቸው አወለቁ። ሦስቱ ልጆቻቸው ፊታቸው ቆመዋል፤ ማንኛቸውም እጁን አልዘረጋም። እሳቸውም ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አድርገው ወደ ሦስቱ መሀል ዘረጉት።

እናንተ በእሳቸው ቦታ ብትሆኑ፣ ቁልፉ የሚገባው ለማን ነው ትላላችሁ፦ ለለካችው፣ ተሳስቶ ላመነው ወይስ ደብቆ ላተረፈው?