ውሃው የማይደፋ ፓስታ

በአንድ ወቅት፣ እዚሁ ከተማ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት እናትና ሦስት ልጆቿ ከአንድ ድስት ይበሉ ነበር። ልጆቹ ሥራ ውለው፣ ደክሟቸው ነው የሚገቡት። ሁለት ዓይነት እራት የሚሠራ ጊዜ ያለው የለም።

የሚያበስለው ትልቁ ልጅ ዳምጠው ነው። ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ዘይት፣ ውሃ። ፓስታውን ሰባብሮ በጥሬው እዚያው ይከተዋል። ሁሉም አንድ ላይ ይበስላል፤ ውሃው አይደፋም። ይህን የተማረው ሊቢያ ታስሮ ሳለ ነው። ውሃ የሚደፋበት ቦታ አልነበረም።

እናቱ ወይዘሮ ትርፌ ያኔ ለእመቤታችን ተስለው ነበር፤ ልጄን ብትመልሺልኝ እስክሞት ጾም አልገድፍም ብለው። ልጁ ተመለሰ።

ሁዳዴ ገባ። ወይዘሮ ትርፌ ደረጃው ላይ ወደቁ። ሐኪሙ ደም አንሷቸዋል፣ ሥጋ ካልበሉ ፋሲካን አያዩም አለ። የነፍስ አባታቸውም ለበሽተኛ ይፈቀዳል አሉ።

«እኔ የተነጋገርኩት ከእመቤቴ ጋር ነው» አሉ እሳቸው። «ከእናንተ ጋር አይደለም።»

ዳምጠው አጥንት ገዛ። የሚሠራበት ጋራዥ ቀቀለው። መረቁን በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ መጣና በውሃው ፋንታ ድስቱ ውስጥ ገለበጠው። ፓስታው መጠጠው። እናቱ በሉ።

«እጅህ ጣፈጠ፣ የኔ ልጅ» አሉት።

ድስት የምታጥበው መካከለኛዋ እታፈራሁ ናት። ቀዝቃዛ ውሃ ስታፈስበት ጠርዙ ላይ ነጭ ሞራ ረጋ። ቆማ አየችው። ከዚያ ውሃ አፍልታ ፈተገችው፤ ወንድሟንም ወደ ኩሽና ጠራችው።

«ነጭ ሽንኩርት ጨምርበት» አለች በሹክሹክታ። «ይሸታል።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቷን የምታጎርሰው እሷ ሆነች።

የወይዘሮ ትርፌ ፊት ወዛ። ደረጃውን ብቻቸውን ወርደው ቤተ ክርስቲያን ስመው ተመለሱ።

«አያችሁ?» አሉ። «ጾም ያድናል እንጂ አይገድልም።»

ዳምጠውና እታፈራሁ አቀርቅረው በሉ።

ትንሿ ኤፍራታ ናት። እሷም ትጾማለች። እታፈራሁ ያመሸች ዕለት ድስቱን አጠበች፤ ሞራውን አገኘችው። ማንንም አልጠየቀችም። ድስቱን እንደያዘች እናቷ መኝታ ቤት ገባች።

«እማዬ፣ ስንበላ የከረምነው ይኼን ነው።»

ወይዘሮ ትርፌ ጠርዙን በጣታቸው ጠረጉ። አሸተቱት። እታፈራሁ እስክትገባ ጠበቁ። ልጆቻቸውን አንድ በአንድ አዩ።

«ዳምጠው፣ አንተን ላመጣ የያዝኩትን ጾም አንተው አስገደፍከኝ።»

«በጾምሽ ተመለስኩ» አለ እሱ። «ተመልሼ ልቅበርሽ?»

«እታፈራሁ፣ አንቺ ደግሞ እያወቅሽ በእጅሽ አጎረስሽኝ።»

«ደስ ብሎሽ ነበራ፣ እማዬ። እሱን ልቀማሽ?»

«አንቺስ ኤፍራታ? እስከ ፋሲካ አፍሽን ብትይዢ ምን ነበረበት?»

ኤፍራታ አለቀሰች። «ስለቱ ያንቺ አይደል እንዴ!»

እናት ወደ ግድግዳው ዞሩ። እህል አቆሙ። የወዛው ፊት ተመልሶ ገረጣ። ሲለምኗቸው፣ ሲለምኗቸው፣ በመጨረሻ እንዲህ አሉ፦

«ከአንዳችሁ እጅ እጎርሳለሁ። ከቀሩት ከሁለታችሁ እጅ እስክሞት አልቀምስም። ማን እንደሚገባ እናንተው ተስማሙ።»

አሁን ሦስቱም ኩሽና ቆመዋል። ፓስታው የጾም ነው፤ መረቅ እንዳይገባበት አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ነው የተሠራው።

«እስከ ዛሬ ያቆየኋት እኔ ነኝ» ይላል ዳምጠው።

«ጉርሻ የለመደችው ከእኔ ነው» ትላለች እታፈራሁ።

«ያልዋሸኋት እኔ ብቻ ነኝ» ትላለች ኤፍራታ።

ፓስታው ውሃውን መጥጧል። ድስቱ ከሥሩ ማረር ጀምሯል። ከመኝታ ቤቱ ድምፅ አይሰማም።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ሳህኑን ይዞ መግባት ያለበት ማን ነው?