የሰው ስም የጨረሰች እጅ

አንድ ወንድይፍራው የሚባል ሰው ነበር። የበደለኝ እሱ ነው። ስሙን ከፊት ያስቀመጥኩት ልከሰው ብዬ አይደለም። ሞቷል፣ ነፍስ ይማር፤ ለመክሰስም አሁን አቅሙ የለኝም። ታሪኩ ከእሱ ስለሚጀምር ነው።

በከተማችን የአማተር ሬዲዮ ክበብ አለ። አማተር ሬዲዮ ማለት ሰው ለእንጀራው ሳይሆን ወድዶ፣ ከማያውቀው ሰው ጋር በአየር ላይ የሚገናኝበት ነገር ነው። አንዳንዱ በድምፁ ያወራል። አንዳንዱ ደግሞ በሞርስ ይልካል፤ መምቻ የምንላትን ትንሽ ብረት በጣቱ እየተጫነ፣ በአጭርና በረጅም ድምፅ ፊደል ከፊደል ይገጣጥማል። አቶ ወንድይፍራው የክበቡ የሞርስ ሊቅ ነበር። ሲመታ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ይመስላል። ይህንንም ያውቃል፤ ሌላው ሰው ሳያውቅለት እንዳይቀር ደግሞ በጣም ይጨነቃል።

እኔ ቴሌግራፍ ቤት ወለል ስጠርግ ሃያ ስድስት ዓመት የኖርኩ ሴት ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቀርቷል። ጆሮዬን ግን ማንም አልከለከለኝም። እየጠረግሁ ሰማሁ፣ እየሰማሁ ለየሁ። ጡረታ ስወጣ ጆሮዬ ፊደሉን ሁሉ ያውቀዋል፤ እጄ ግን አቧራ ለማራገፍ ካልሆነ አንድም ቀን መምቻ ነክቶ አያውቅም። እሱ ቆጨኝና ወደ ክበቡ ሄድኩ።

ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። «ቀስ ብሎ ለጠራህ ቀስ ብለህ መልስ» ይላል። የሙያው ደንብ ነው። የሚፈጥነው ወደሚዘገየው ይወርዳል እንጂ የሚዘገየው ወደሚፈጥነው አይጎተትም። ወረቀቱን የለጠፈው ራሱ አቶ ወንድይፍራው ነው። ሲቀመጥ ግን ጀርባውን ሰጥቶት ነበር።

«በሉ እማማ፣ ስምዎን ይላኩ» አለኝ።

ጀመርኩ። አንዱን ፊደል መታሁ፤ አሰብኩ፤ ሁለተኛውን መታሁ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ሳቀ።

«እማማ፣ እርስዎ ስምዎን እስኪጨርሱ እኮ እኔ ጡረታ እወጣለሁ!»

«እኔ ወጥቼ ነው የመጣሁት፤ ምንም አይል» አልኩት።

በቤቱ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ ግን ሲሳቅበት አይወድም። እጁን በእጄ ላይ ጭኖ መምቻዋን ወሰደና የቀረውን ስሜን ራሱ ጨረሰው። ትርርር አደረገው፣ በቃ።

በዕድሜዬ ብዙ ነገር ተወስዶብኛል። ስሜን ከጣቴ ሥር የነጠቀኝ ግን እሱ ብቻ ነው። ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ።

ከቴሌግራፍ ቤት የተጣለች አንዲት አሮጌ መምቻ ነበረችኝ። ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ቸነከርኳትና ሦስት ዓመት መታሁ። ለመማር እንዳይመስላችሁ፤ ለእልህ ነው። እሱ አየር ላይ ሲወጣ በመቀበያ ሬዲዮ እያዳመጥኩ፣ እሱ እንደሚመታው እስክመታ ድረስ መታሁ። የእጄ አንጓ አበጠ። ሃያ ስድስት ዓመት ወለል ስጠርግ ያላደከመኝን ሦስት ዓመት እልህ አደከመኝ።

በመጨረሻ ፈጠንኩ። ላሳየው ስሄድ ግን አቶ ወንድይፍራው ሞቶ ጠበቀኝ። መታመሙን እንኳ አልሰማሁም ነበር። ያን ሁሉ ፍጥነት ይዤ ባዶ ወንበር ፊት ቆምኩ። ሌላ የሚያስተምር ስላልነበረ ወንበሩን ለእኔ ሰጡኝ።

ሁለት ዓመት ካስተማርኩ በኋላ ይርገዱ መጣች። ገበያው ጥግ ላይ በእግር በሚረገጥ መኪና ልብስ የምትሰፋ፣ አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት ናት። ስትናገር ትንተባተባለች። እሷ አንድ ቃል ስትጀምር ሌላው ቶሎ ብሎ ይጨርስላታል፤ ደንበኛውም፣ ጎረቤቱም፣ ባሏም ሳይቀር። «ቀ... ቀ...» ስትል ባለሱቁ «ቀይ ክር!» ይልና ያቀብላታል። ቀጭን ክር ፈልጋ የሄደችው ቀይ ክር ይዛ ትመለሳለች። ከመጀመሪያው ከምትጀምር ቀይ ክር ይሻላታል።

ለምን እንደመጣች ጠየቅኳት።

«እትዬ፣ በ... በእጅ ከሆነ፣ ማ... ማንም አይጨርስልኝም ብዬ ነው።»

ጆሮዬ ሰማት። ልቤ ግን አልሰማትም። ማታውን ጉልበቴ ሲነዘንዘኝ አድሯል፣ ቤቱ ይበርዳል፣ ሌሎች ተማሪዎች ወረፋ ይጠብቃሉ። ሲደክመኝ የሰው ነገር ግማሹ ነው የሚገባኝ።

በአንድ ወር ውስጥ ፊደሉን ለየችው። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በሌላ ክፍለ ሀገር ያለ ሰው ቀስ እያለ ሲጣራ ሰማንና አየር ላይ አወጣኋት።

«በይ ስምሽን ላኪ» አልኳት።

መታች። በእጇ አልተንተባተበችም። እግሯ ወለሉ ላይ፣ የልብስ መኪናዋን እንደምትረግጥ ሁሉ፣ ቀስ እያለ ይወጣል ይወርዳል። አንድ ፊደል። ዝምታ። ሌላ ፊደል። ዝምታ። ከወዲያ ያለው ሰው ሳያቋርጣት ይጠብቃል። የቸኮልኩት እኔ ነኝ።

«ኧረ አንቺ፣ ፈጠን በይ! ስምሽን እስክትጨርሺ እኮ እኔ ሞቼ አርባዬ ይወጣል!»

ተማሪዎቹ ሳቁ። እጄን በእጇ ላይ ጭኜ መምቻዋን ወሰድኩና የቀረውን ስሟን ጨረስኩላት። ትርርር።

አልተቆጣችም። ብትሰድበኝ በወደድኩ፤ ለስድብ መልስ አላጣም። እጇን ወደ ጭኗ መለሰችና «እ... እ...» አለች።

«እሺ፣ እሺ፣ ሌላ ቀን ትሞክሪያለሽ» አልኳት። ይህንንም ጨረስኩላት። ሻሿን አስራ ወጣች። ምን ልትለኝ እንደነበር አላወቅሁም።

ወዲያው ከማዶ መልስ መጣ። እያንዳንዱ ፊደል በጥንቃቄ የተቀመጠ፣ የማይቸኩል እጅ ነው።

«አቶ ወንድይፍራው፣ እንደምን ከረሙ? ብዙ ጊዜ ጠፉ። መጨረሻ ላይ ሲገቡ እጅዎን አወቅሁት። ቀድሞ ሲልክ የነበረው ሰው ግን ማን ነው? የስሙ መጨረሻ ፈጥኖ አመለጠኝ። በራሱ እጅ ቢጨርስ ደስ ይለኝ ነበር።»

ለማያውቅ ሰው ይህን ልንገር። በሞርስ ሰው የሚለየው በእጁ ነው፤ በስልክ በድምፁ እንደምንለየው። ክበባችን በአየር ላይ የሚጠራው በአንድ መጠሪያ ስለሆነ፣ ያ ሰው ከእጅ በቀር ሌላ መለያ አልነበረውም። የአቶ ወንድይፍራውን መሞት አልሰማም። እጁን ሰማ፣ ሰላምታ ሰጠው።

ማዳመጫውን ከጆሮዬ አወለቅሁ። ተማሪዎቹ «እትዬ ምነው?» ሲሉኝ ቀኝ እጄን ገልብጬ አየሁት። ሦስት ዓመት ሙሉ አንጓዬ እስኪያብጥ የለፋሁት ለካ ያንን ሰው በቀኝ እጄ ላይ ላኖረው ነው። እሱ እንኳ አንድ ጊዜ ነው የበደለኝ። በእኔ እጅ ስንት ሰው እንደበደለ፣ ስንቱ ቀልድ መስሎት ስቆ ወጥቶ በዚያው እንደቀረ አላውቅም። ወንበሮቹን ቆጠርኳቸው። ማስተማሩን ስረከብ አሥራ አንድ ተማሪ ነበር። አሁን አራት ናቸው።

ለዚያ ለማላውቀው ሰው መልስ ላኩለት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀስ ብዬ መትቼ አላውቅም። «አቶ ወንድይፍራው ሞተዋል። ያቋረጥኳት እኔ ነኝ። ስሟን ራሷ ትነግርዎታለች» አልኩት።

እንግዲህ ትምህርቱ ይኸው፤ ዕድሜዬ ለመሸፋፈን አይበቃም። የበደለንን ሰው ልንበልጠው ስንሮጥ፣ ሳናውቀው እሱን ሆነን እንደርሳለን። ፍጥነት የባለቤቱ ጌጥ ነው፤ ለሰሚው ምንም አያደርግለትም። ለሰሚው የሚጠቅመው መጠበቅ ነው። አንተ ጀማሪው፣ አንቺም «እጄ ይዘገያል» ብለሽ ከበር የምትመለሺው፣ ግቡ። በደቂቃ አምስት ቃል ቢሆን፣ ሦስት ቢሆን፣ የራሳችሁ እስከሆነ ድረስ ከማዶ የሚጠብቃችሁ ሰው አለ፤ እኔ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። እናንተ የምትፈጥኑት ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ በዚህ ሳምንት የማንን ቃል ጨረሳችሁለት? እሱስ ሊል የፈለገው ያንን ነበር?

በማግስቱ ጠዋት ያቺን አሮጌ መምቻ ከቤቴ ጠረጴዛ ነቀልኳት። ከትንሽ ድምፅ ማውጫዋ ጋር በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ፣ ጉልበቴን እየጎተትኩ ወደ ገበያው ወረድኩ። ይርገዱ መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ነበር። ስታየኝ እግሯን አቆመች። መምቻዋን ጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ፣ ከፊቷ አስቀመጥኩላት።

«ትናንት ልትዪኝ የነበረውን የምታውቂው አንቺ ነሽ እንጂ እኔ አይደለሁም» አልኳት። «ስምሽንም ሌላውንም ከመጀመሪያው ጀምሪው። የሚጠብቅሽ ሰው አለ፤ እኔም ዛሬ ሥራ የለኝም።»

ጣቷን አነሳችና የመጀመሪያውን ፊደል መታች። ከዚያ ሁለተኛውን ማሰብ ጀመረች። እኔም አጠገቧ ያለ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ሁለቱን እጆቼን ከጭኔ ሥር አስገብቼ ተቀመጥኩባቸው።