የጉንዳን ሰፈር

ሰው ቦታ ሊመርጥ ሲቻኮል ሽማግሌዎች ጣል የሚያደርጓት አንዲት አባባል አለች። እኔ የሰማሁት መነሻዋ እንዲህ ነው።

ደሳለውና እህቱ እንጉዳይ ከአባታቸው አንድ ሰፊ ጓሮ ወረሱ። የጓሮው ታችኛው ወገን በበጋ እንኳ ሣር የማይጠፋበት ለምለም ነው። ላይኛው ወገን ግን ቀይ አፈር ነው፤ ያውም ጉንዳን የሰፈረበት።

ሲካፈሉ ደሳለው ታላቅነቱን ይዞ ቀደመ። "ታችኛው የእኔ ነው። ሚስቴ እርጉዝ ናት፤ ቶሎ ጎጆ ማቆም አለብኝ።"

አካፋዩ አጎታቸው አያ ቢምረው፣ "ልጄ፣ አንድ ክረምት አይተህ ብትመርጥ" ቢሉት፣

"ክረምቱንማ ጎጆዬ ውስጥ ሆኜ አየዋለሁ!" ብሎ በማግስቱ ቁፋሮ ጀመረ።

እንጉዳይ ከፍቷት አጎቷ ቤት ሄደች። "ለእኔ የደረሰኝ እኮ እግር ማሳረፊያ የለውም።"

"ጉንዳኑ ያን ሁሉ ለምለም ትቶ እዚያ የሰፈረው ለምን ይመስልሻል?"

"እንጃ።"

"በይ ዶማ ያዢና ተከተዪኝ።"

መጀመሪያ ከታች ቆፈሩ። ክንድ ያህል ሳይወርዱ አፈሩ ረጥቦ ከዶማው ላይ ተጣበቀ። ከላይ ሲቆፍሩ ግን ደረቅና ፍርፍር ያለ ሆነ።

"አየሽ፣ ጉንዳንም ልጅ አሳዳጊ ነው" አሉ አያ ቢምረው። "እንቁላሉን የሚያኖረው ውሃ በማይተኛበት፣ የጠዋት ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ ነው።"

እንጉዳይ ጉንዳኑን ሳትነካ፣ ሃያ እርምጃ ያህል ርቃ ጎጆዋን ሠራች። ደሳለው በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ፣ "ጎረቤቶችሽ ለቤት ምርቃት ምን ይዘው መጡ?" እያለ ይስቅባት ነበር።

ነሐሴ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ዘነበ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የደሳለው ጎጆ ወለል ከሥር ውሃ አመነጨ። ሚስቱ የዘጠኝ ቀን አራስ ናት። በቅል እየቀዳ ቢያፈስ ውሃው እየባሰ ሄደ፤ ግድግዳውም ማዘንበል ጀመረ። ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልሎ፣ ሚስቱን ደግፎ፣ ዳገቷን ወጣና እህቱ ደጃፍ ላይ ቆመ።

"ምን ትጠብቃለህ? ልጁን ብርድ ሳይመታው አስገባው እንጂ!" አለችው።

ክረምቱን አብረው ከረሙ። እንጉዳይ አንድም ቀን ስለ ክፍፍሉ አላነሳችም። ደሳለውን ግን ይኸው ዝምታዋ ከስድብ በላይ አሳፈረው። መስከረም ሲጠባ ከላይኛው መሬት ቆርሳ የጎጆ ቦታ ሰጠችው። በታችኛው ጌሾና ሸንኮራ አገዳ በጋራ ተከሉበት፤ ውሃ አይጎድለውምና እንደ ጉድ በቀለ።

ደሳለው አዲሱን ጎጆውን ሊያቆም እንጨቱን ያስጠጋ ዕለት ቁፋሮ አልጀመረም። ቁጢጥ ብሎ የጉንዳኖቹን መስመር በዓይኑ ሲከተል አረፈደ። ከአያ ቢምረው ጋር የሚያልፍ ጎረቤት አይቶት፣ "ይህ ሰው ምን ጠፍቶበት ነው?" ብሎ ጠየቀ።

አያ ቢምረውም ሳቅ ብለው፣ "ምን ይጠፋበታል፣ ምክር እየተቀበለ ነው እንጂ፤ ጎጆ ሳይሠሩ፣ ጉንዳን ያማክሩ!" አሉ።