የሾፌሩ ብልቃጥ

በእኛ አገር ሰው ያልተናገረው ቃል ተጠቅሶበት ሲፈረድበት፣ ወይም ያልዋለበት ቦታ ታይቷል ተብሎ ሲወቀስ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጢሙን እየዳበሰ ጣል የሚያደርጋት አንዲት አባባል አለች። የሰማ ሁሉ ይስቃል፤ ልጆችማ ነውር የተነገረ እየመሰላቸው አፋቸውን ይይዛሉ። አባባሏ ግን ለሳቅ አልተወለደችም። እንዲያውም በተወለደችበት ቀን ይርዳው የሚባለው ሾፌር ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም ነበር።

ይርዳው ከቆላ ሽንኩርት እየጫነ ወደ ደጋ የሚያወጣ የአይሱዙ ሾፌር ነው። ሃያ ስምንት ዓመት መሪ ሲጨብጥ ዶሮ እንኳ አልገጨም፤ ይህንንም ቢጠይቁት ባይጠይቁት ይናገራል። በዚያ ዓመት መንጃ ፈቃዱ የሚታደስበት ጊዜ ሁዳዴ መካከል ላይ ዋለና የጤና ምርመራ ወረቀት አምጣ ተባለ። የቀረው ሁለት ቀን ብቻ ነው። ካለፈ፣ ባለመኪናው መኪናውን ለሌላ ሾፌር እንደሚሰጥ ቁርጡን ነግሮታል፤ ሽንኩርት ወረቀት አይጠብቅም፣ ይበሰብሳል።

ረፋዱ ላይ ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳለው የግል ክሊኒክ ሄደ። ዓይኑን አዩት፣ ግፊቱን ለኩት፣ ደም ቀዱለት። በመጨረሻ የላቦራቶሪዋ ባለሙያ ስሙ የተጻፈባት፣ ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ብልቃጥ ሰጠችውና «ሽንት ያምጡ ጋሼ» አለችው።

ሽንት ቤት ገባ፤ ወጣ። እንደገና ገባ፤ ወጣ። ለሦስተኛም ጊዜ ገባ፤ ወጣ። ይርዳው ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ የሚጾም ሰው ነው። በሰውነቱ የነበረችውንም ከንጋት ጀምሮ ኩንታል ሲያሸክምና ሲሸከም በላብ ጨርሷታል። አግዳሚው ላይ ግፊታቸውን ሊለኩ የመጡ እማማ ዘነቡ የሚባሉ አሮጊት ተቀምጠው ምልልሱን ይቆጥሩ ነበር።

«ልጄ፣ ሦስት ጊዜ ዞርክ እኮ፤ ቤተ ክርስቲያን መሰለህ እንዴ?» አሉት።

«ምን ላድርግ እማማ፣ ጉድጓዱ ደርቋል» አለ ይርዳው።

ባለሙያዋ ውሃ እንዲጠጣ ብትመክረው ዓይኑን አፈጠጠ። «ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ? ነፍሴን በአንዲት ብልቃጥ አልለውጥም!»

«እንግዲያው ከዘጠኝ በኋላ ይዘው ይምጡ» አለችው። ባዶዋን ብልቃጥ ኪሱ ከትቶ ወጣ።

ሰዓቱ ሲደርስ ቤቱ ገብቶ ምሳውን በላ፣ ሁለት ጣሳ ውሃ ጨለጠ፣ ብልቃጧንም እስከ አፏ ሞላት። በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ዕቁብ የደረሰው ሰው መስሎ ተመለሰ። እማማ ዘነቡም ግፊታቸው ከፍ ስላለ እስኪወርድ አረፍ ብለው ደግመው እንዲለኩ ተነግሯቸው እዚያው አሉ። ላቦራቶሪው በር ሳይደርስ ግን ሐኪሙ ከቢሮው ብቅ ብሎ ጠራው።

«አቶ ይርዳው፣ ውጤትዎ ደርሷል፤ ይግቡ።»

ገባ። ሐኪሙ ከወረቀቱ ቀና ሳይል አነበበለት፤ «ሽንትዎ ላይ ስኳር ታይቷል፤ ፕሮቲንም አለው። ኩላሊትዎ ያሰጋል። መድኃኒት ጽፌልዎታለሁ። አልትራሳውንድና ሌሎች ሁለት ምርመራዎችም ያስፈልጋሉ። ሒሳቡን ከፍለው ይምጡ። ለሦስት ወር መኪና መንዳት የለም።»

 የይርዳው አባት በስኳር በሽታ እግራቸው ተቆርጦ ነው የሞቱት። ወጥቶ እማማ ዘነቡ አጠገብ ዘጭ አለ። የወረቀት ነገር ክፉ ነው፤ ጠዋት ኩንታል ሲሸከም የነበረ ሰው ሁለት መስመር ቢነበብለት ጎኑን ይወጋው ጀመር። ያ የአፉ መድረቅ በጾም ሳይሆን በስኳር ኖሯል ብሎም አመነ። ሚስቱን ምን ብሎ እንደሚነግራት፣ መኪናውን ማን እንደሚረከበው፣ ከዚያም የአባቱን እግር አሰበ።

«ምን አሉህ ልጄ?»

ነገራቸው።  እማማ ዘነቡ ከንፈራቸውን መጠጡለት። ቆይተው «በግራ እጅህ የያዝከውስ ምንድን ነው?» አሉት።

ይርዳው እጁን አየ። ጋዜጣውን ፈታ። ብልቃጧ እንደሞላች፣ ገና እንደሞቀች ናት።

«ሽንቴ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«ታዲያ ያ ስኳር ያለበት የማን ነው?»

ይርዳው ተነሣ።  ሐኪሙ ቢሮ ገብቶ ብልቃጧን ጠረጴዛው ላይ አኖራት።

«ዶክተር፣ ሽንቴን አምጥቻለሁ።»

«ጠዋት ተመርምሮልዎታል እኮ።»

«ጠዋት አልሰጠሁም።»

«መዝገቡ ሰጥተዋል ይላል። ረስተውት ይሆናል፤ በዚህ ዕድሜ ያጋጥማል።»

«ሾፌር ነኝ! ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ለሽንት የቆምኩበትን ዛፍ ሁሉ አስታውሳለሁ!»

እማማ ዘነቡ ከበሩ ላይ ሆነው «ሦስቴ ገብቶ ሦስቴ ባዶውን ወጥቷል፤ እኔ ምስክር ነኝ» አሉ። «እኔንም አርጅተው ነው በሉኝ እንግዲህ።»

ሐኪሙ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ይሁን፣ ስሕተት አይጠፋም። የሽንቱን ሒሳብ እንቀንስልዎታለን» አለና የውጤቱን ወረቀት ሊወስድ እጁን ዘረጋ። ይርዳው ግን ወረቀቱን ደረቱ ላይ ለጠፈው።

«ሒሳቡ ይቆይ» አለ። «ይኼ የሌላ ሰው ውጤት ከሆነ፣ ያ ሰው ዛሬ ጤነኛ ነህ ተብሎ ቤቱ ገብቷል። ስሙን ንገሩኝ፤ በመኪናዬ ሄጄ አመጣዋለሁ።»

 ባለሙያዋ ተጠራች። ወረቀቱን አየችው፣ ብልቃጧን አየቻት፣ ከዚያም መሬት መሬቱን አየች።

«የማንም አይደለም» አለች። «ቅጹ ሳይሞላ እንዳይቀር ተባልኩ። ሞላሁት።»

ሐኪሙ ወደ መስኮቱ ዞረ። ይርዳው ደስ ሊለው ሲገባ ተናደደ፤ ከንዴቱ ይልቅ ግን ማመኑ አሳፈረው። የገዛ አካሉ ደህና ነኝ እያለው፣ እሱ ወረቀት አምኖ ቀብሩን ሲያሰናዳ ነበር።

ብልቃጧ እፊቱ ተመረመረች። ስኳርም ፕሮቲንም አልነበራት። የጤንነቱ ማስረጃ ተፈረመ፣ የታዘዙት ምርመራዎች ከሒሳቡ ተሰረዙ። የመጀመሪያውን ወረቀት ግን አልመልስም አለ፤ በማግስቱ ጤና ቢሮ ሊያስገባው አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ ወረፋ የያዙት ሰዎች ሁሉንም ሰምተዋል፤ አንዱ ከኪሱ፣ አንዷ ከመቀነቷ፣ የየራሳቸውን ወረቀት አውጥተው ያገላብጣሉ። በር ዳር የቆሙ፣ ዘግይተው የደረሱ አንድ ገበሬ ብቻ ነገሩ አልገባቸውም።

«ሰውዬው ምን ሆኖ ነው?» ብለው እማማ ዘነቡን ጠየቁ።

እማማ ዘነቡ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው፣ ዓይናቸውን ከቢሮው በር ሳይነቅሉ፣ «ምን ይሆናል ወንድሜ፤ ባልሰጠው ሽንት፣ ታዘዘለት መድኃኒት!» አሉ።