ለጎረቤቷ የተሰጠ ቅድሚያ

አንዲት ሴት ነበረች፤ አምስት ተከራይ ባለበት ግቢ የምትኖር። ግቢው የሚጠቀመው በአንድ ዋይፋይ ነው። ታዲያ እሷ ድራማዋን ልታይ ስትቀመጥ ምስሉ ይቆማል፤ ትንሽ ይሄዳል፤ ደግሞ ይቆማል። በመስኮት አሻግራ ስታይ ግን የጎረቤቷ የዝማም ስልክ ላይ ምስሉ ኩልል ብሎ ይታያል።

ቅናት ያዛት። "ለእሷ ሲሆን ይፈጥናል፣ ለእኔ ሲሆን ያነክሳል!"

ዝማም መስማት የተሳናት ናት። ከእናቷ ጋር የምታወራው በእጅ ምልክት፣ በቪዲዮ ነው። ሴትዮዋ ይህን ታውቃለች። ግን ወገኖቼ፣ የቀና ሰው የሚያውቀውን መች ያስታውሳል?

አከራዩ ጋሽ ደርሰህ ዋይፋዩ ለዝማም ስልክ ቅድሚያ እንዲሰጥ እንዳደረጉ ስትሰማ በራቸው ላይ ቆመች።

"እኛስ ተከራይ አይደለንም ጋሼ?"

"ኧረ ልጄ፣ የእሷ እኮ ይለያል፤ እናንተ በድምፅ..."

"ምኑ ነው የሚለየው? እኩል ያድርጉን!"

ጭቅጭቁ ሰለቻቸውና ቅድሚያውን አነሱት። ያን ቀን ድራማዋ አንዴም ሳይቆም አለቀ። ደስ አላት? አዎ፣ ደስ አላት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ በሯ ተንኳኳ። ዝማም ናት፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ድምፁን እንድትሰማላት ስልኳን ዘረጋችላት። እናቷ ሆስፒታል አልጋ ላይ ናቸው፤ እጃቸው አየር ላይ እንዳለ ምስሉ ደርቆ ቀርቷል። በእጃቸው ሲያወሩ በአፋቸውም መናገር ልማዳቸው ነውና ድምፃቸው ይሰማል።

"ልጄ፣ ለቀዶ ሕክምና ሊያስገቡኝ ነው። አታልቅሺ። እየሳቅኩ ነው የምገባው፤ ይታይሻል? ዝማምዬ፣ ይታይሻል?"

ለማን ነበር የሚናገሩት? ለልጃቸው። የሰማው ማን ነው? የቀናችው ሴት።

"ጋሼ! ይመልሱላት! ቶሎ ይመልሱላት!" እያለች ሮጠች። ቅድሚያው ሲመለስ ግን የእናትየው አልጋ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ገብቷል።

ወረቀት ፈልጋ "እየሳቁ ነው የገቡት" ብላ ጻፈችላት። ከሥሩም "ቅድሚያሽን ያስነሣሁት እኔ ነኝ" ብላ ጨመረች።

ዝማም አነበበች። ከዚያ የታችኛውን መስመር ቀደደችና ለሴትዮዋ መለሰችላት፤ የእናቷን ቃል ይዛ ሄደች። እናትየውም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በደኅና ወጡ።

እናንተስ ወገኖቼ? ለወንድማችሁ በር ቀድሞ ሲከፈት፣ እኅታችሁ ፈጥና ስትታቀፍ፣ "እኔስ?" አላላችሁም? እግዚአብሔር ለአንዱ ቀድሞ የሚደርስለት አብልጦ ስለሚወደው ይመስላችኋል? ድምፅ ብቻ የሚበቃው አለ፤ ካላየ የማይሰማም አለ።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ የምትቀኑበትን ሰው በር አንኳኩ። ምን ጎድሎት እንደነበር ጠይቁት።